የጋሽ ዳልቄ እጀ ጉርድ ሸሚዝ

በየካቲት ሐሩር አርባ ምንጭ ውስጥ ሙሉ እጅጌ ሸሚዝ ለብሶ፣ የእጅጌውን ቁልፍ አንጓው ላይ ጥርቅም አድርጎ ቆልፎ የሚሄድ ቀጭን ወጣት አይታችሁ «ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው?» ብላችሁ ከነበረ፣ ምናልባት ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ብሩክ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። አርባ ምንጭ የመጣሁት የውሃ ምህንድስና ልማር ነበር፤ ተምሬ ስጨርስ እዚያው በአንድ አነስተኛ የመስኖ ጽሕፈት ቤት ሥራ አገኘሁና ቀረሁ። የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሁሉም የሆነው በአንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ድረስ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ክንዶቼ ልንገራችሁ።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ በግራ ክርኔ አጠገብ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ወጣች። በዓመቱ ሁለቱም ክንዶቼ ከክርን እስከ አንጓ ካርታ መሰሉ። ሐኪሙ ለምጽ መሆኑን፣ እንደማያም፣ ከሰው ወደ ሰውም እንደማይተላለፍ ነገረን። እናቴ ይህን ሰምታ እፎይ አለች፤ እኔም እፎይ ብዬ ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ ቦታዬ ስቀመጥ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ደብተሮቹን ቀስ አድርጎ ሰበሰበና ወደ ኋላ ወንበር ሄደ። አልሰደበኝም፤ አልሳቀብኝምም። ቢሰድበኝ ኖሮ ተጣልተን እረሳው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ክንዴን ከቤተሰቤ በቀር ማንም አላየውም።

አርባ ምንጭ ስመጣ ነገሩ ከበደ። የክፍል ጓደኞቼ ወደ ምንጮቹ ወርደው ሲዋኙ እኔ ልብስ ጠባቂ ነበርኩ። ኳስ አልጫወትም። ልብሴን ከግቢው ቧንቧ ላይ የማጥበው ሰው ሁሉ ምሳ ሲሄድ ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ «ፀሐይ አይስማማኝም።» ግማሹ እውነት ነው፤ ነጩ ቆዳ ፀሐይ ቶሎ ያቃጥለዋል። ግማሹ ግን ውሸት ነበር፣ አሥር ዓመት የኖርኩትም በዚያኛው ግማሽ ነው።

ያን ቀን ሐሙስ ነበር። ከሥራ ባልደረባዬ ከምስራቅ ጋር ከከተማው ወጣ ወዳለችው የሙዝ ቀበሌ ላንቴ ወረድን። ምስራቅ የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፤ ሴቻ የተወለደች፣ ፈጣን፣ ጋሞኛውንም አማርኛውንም እንደ ውሃ የምታወርድ። ላንቴ ያሉ ሙዝ አምራቾች ውሃ የሚያደርስላቸው አዲስ ቦይ ይቆፈርልን ብለው ስለነበር፣ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ ልንለካ ነው። እንደ ሁልጊዜው የተቀበሉን የውሃ ተጠቃሚዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ዳልቄ ናቸው፤ ስድሳውን ያለፉ፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ገበሬ። ከእሳቸው ጋር ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ።

ጠዋት ቁርስ አልበላሁም። ባለ ሦስት እግሩን መለኪያ እኔ ተሸክሜ፣ ምስራቅ ረጅሙን መሥፈሪያ ዘንግ ይዛ፣ ከማሳ ወደ ማሳ ስንሻገር ፀሐዩ ከረረ። ሙዝ መካከል ነፋስ አይገባም። ከላይ ያለው ሙቀት ሳያንስ ከታች ከረጠበው መሬት የሚነሳው ወበቅ ይጨመርበታል። ሸሚዜ ወፍራም ነበር፤ ሆነ ብዬ ነው ወፍራም የምገዛው፤ ስስ ልብስ ላብ ሲነካው ገላን ያሳያል።

«ብሩክ፣ ቢያንስ እጅጌህን ሰብስበው» አለችኝ ምስራቅ።

«ደህና ነኝ።»

«ፊትህ ደህና አይመስልም።»

«ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የቀረን።»

ዓይኔን በመለኪያው መነጽር ላይ አደረግኩ። በመነጽሩ ውስጥ ምስራቅ ዘንጉን ይዛ ትታየኛለች። ቁጥሮቹ እንደ ጉንዳን መሄድ ጀመሩ። አንዱን ልይዝ ስል ሌላው ይመጣል። ከዚያ ምስራቅ ራሷ ወደ ላይ መንሳፈፍ የጀመረች መሰለኝ። ቀስ ብላ፣ ዘንጉን እንደያዘች፣ ከሙዙ ቅጠል በላይ ወጣች። ምንም አልገረመኝም። «ቁመቷ ጨመረ፤ ልመዝግበው» ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ጎኔን ሲነካኝ ለስላሳ ነበር።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስነቃ፣ መንቃቴንም እርግጠኛ አልነበርኩም። ከላዬ የማንጎ ዛፍ አለ። ብርሃኑ በቅጠሎቹ መካከል ተቆራርጦ ይወርዳል፤ የትም ብመለከት አረንጓዴ ነው። ከራስጌዬ የቦዩ ውሃ ይሰማኛል። የማላውቀው ቋንቋ በዝግታ ይነገራል፤ አንዳንዴ የገባኝ ይመስለኛል፣ ከዚያ ይጠፋኛል። ክንዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከክርኔ እስከ መዳፌ ይወርዳል፤ እንደገና ይወጣል። ልጅ ሆኜ ሲያተኩሰኝ እናቴ እንደዚያ ታደርገኝ ስለነበር የትም አልሄድኩም፣ ምንም አልሆነም፣ ቤቴ ነኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተመችቶኝ አያውቅም።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ክንዴን ውሃው የሚነካው ያለ ልብስ ነው።

ዓይኔን ገለጥኩ። ከወገቤ በላይ ራቁቴን ነኝ። ሁለቱም ክንዶቼ በተሰነጣጠቀው ብርሃን ላይ ተዘርግተዋል፤ በውሃ ረጥበው ነጩም ጥቁሩም ያበራል። ዙሪያዬን ሰዎች ከበውኛል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ተንበርክከው በእርጥብ ጨርቅ ያብሱኛል። ጨርቁ ሸሚዜ ነው።

ልነሳ ሞከርኩ። ምስራቅ ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ።

«ተኛ። ወድቀህ ነው። ሙቀቱ ነው።»

«ሸሚዜን...»

«ቁልፉ አልፈታ ብሎን ቀደድነው። ይቅርታ።»

ከከበቡኝ መካከል አንድ ጎልማሳ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆሞ ነበር። ባልዲ ይዟል። በአማርኛ፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «ይሄ ነገር ይተላለፋል፤ እትዬ አስቴር፣ በእጅዎ አይንኩት» አለ።

ያኔ ነው ደብተር ሲሰበሰብ የተሰማኝ። አሥር ዓመት የሸሸሁት ነገር ላንቴ ድረስ መጥቶ አገኘኝ አልኩ። ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ፤ ይሄዱልኝና ብቻዬን እነሳለሁ ብዬ ጠበቅኩ።

የጋሽ ዳልቄ ባለቤት እትዬ አስቴር ማበሳቸውን አላቆሙም። በጋሞኛ አጭር ነገር ተናገሩ። ሰውየው ሄዶ ባልዲውን ከቦዩ ሞልቶ መጣና ከእኔ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። እትዬ አስቴር ቀና ብለው አዩትና ያንኑ ቃል ደገሙት። ሰውየው ባልዲውን አንስቶ ጎኔ ድረስ አመጣው።

«ምን አሉት?» አልኳት ምስራቅን በኋላ።

«መጀመሪያ 'ውሃ አምጣ' አሉት። ቀጥሎም 'ውሃ አምጣ' አሉት። ሌላ ምንም አላሉትም» አለችኝ።

ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ አጠጡኝና ደግፈው ወደ ጋሽ ዳልቄ ቤት አስገቡኝ። ጭቃ የተመረገ፣ ውስጡ ቀዝቀዝ ያለ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ክንዶቼን ደረቴ ላይ አጣጥፌ፣ አንዱን በአንዱ ለመሸፈን እየሞከርኩ ተቀመጥኩ። አንዱን ለምጽ በሌላ ለምጽ መሸፈን እንደማይቻል እያወቅኩ።

ምስራቅ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ቢሮ ውስጥ ስንት ነገር ተብሏል መሰለህ» አለችኝ። «እኔ ንቅሳት ነው ብዬ ነበር። የድሮ ፍቅረኛህን ስም ተነቅሰህ የቆጨህ።»

ጋሽ ዳልቄ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «እኔ እስር ቤት የነበርክ መስሎኝ» አሉ በእርጋታ። «የሰንሰለት ጠባሳ። ጎረቤቴ ደግሞ አዞ ነው ብሎ ተወራረደኝ።»

«አዞ?»

«ልጅ ሳለ አዞ ነክሶት አመለጠ ብሎ።»

መሳቅ አልፈለግኩም ነበር። ግን ደብረ ብርሃን ላይ አዞ ሲያባርረኝ ታየኝና ሳቅኩ። ምስራቅ አብራኝ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ብትነግረኝ ኖሮ» አለች፣ «ዛሬ እስክትወድቅ አላስቆምህም ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ አብረን ሠርተናል፣ ብሩክ። ትሸሸኛለች ብለህ አሰብክ ማለት ነው።»

አዎ፣ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። እኔ ብቻ የተጎዳሁ ይመስለኝ ነበር፤ ስደበቅ ሰውን እየወነጀልኩ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ምስራቅ መሣሪያው ሜዳ ላይ ስለቀረ ልኬቱን ልትጨርስ ወጣች። እኔ ወደ ከተማ ሄጄ እንዳርፍ ተስማማን። ጋሽ ዳልቄ ወደ ጓዳ ገብተው ሁለት ልብስ ይዘው መጡ። አንዱ ክረምት ላይ የሚለብሱት ከባድ ቡኒ ኮት ነው፤ ሳልጠይቃቸው የምፈልገውን አውቀውልኛል። ሌላው ነጭ እጀ ጉርድ ሸሚዝ ነው።

«ይቺን ለበጋ ብዬ ነው ያሰፋኋት» አሉ ሸሚዙን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። «ጥጡን የፈተለችው አስቴር ናት። የሸመነው ጨንቻ ያለው ወንድሟ። ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር የሚገኝ ልብስ ሰፊ ሰፋት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እለብሳታለሁ። ቀላል ናት። የለበስክ አይመስልህም።» ሁለቱንም አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡና ወጡ።

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ያነሳሁት ኮቱን ነው። አንዱን እጄን አስገባሁ፤ ሁለተኛውን ሳስገባ ጀርባዬን ላብ አጠመቀው፤ ግድግዳው መዞር ጀመረ። አውልቄው ተቀመጥኩ። ትንፋሼ ሲመለስ እንደገና ሞከርኩ። እንደገና ዞረብኝ። ልቤ ኮቱን መርጦ ነበር፤ ገላዬ ግን እምቢ አለኝ።

ሸሚዙን አነሳሁ። በእውነት ክብደት አልነበረውም። ስስ ነው፣ ግን የእጅ ሽመና ስለሆነ ክሩ ወጣ ገባ እያለ ጣት ላይ ይሰማል። ደረቱ ላይ አንድ ኪስ፣ በኪሱ ጫፍ ላይ ጠባብ ቀይና ቢጫ ጥለት። እጅጌው ከክርን በላይ ያበቃል። ስለብሰው ጨርቁ ገላዬን ነካ አድርጎ መልሶ ይለቀኛል፤ ስተነፍስ አብሮኝ የሚተነፍስ ይመስለኛል። ጋሽ ዳልቄ ከእኔ ስለሚሰፉ ጎኑ ላይ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ነበረው።

ከቤት ወጣሁ። ከአባያ ሐይቅ በኩል ነፋስ እየመጣ ነበር። ያ ነፋስ ቀኑን ሙሉ የነበረ ይሁን ያኔ የጀመረ አላውቅም። ክንዴ ላይ ያሉት ፀጉሮች ቆሙ። አሥር ዓመት ሙሉ ነፋስ ክንዴን አልነካውም ነበር፤ ነፋስ የሚባለው ነገር በክንድ ሲነካ እንዴት እንደሆነ ረስቼው ነበር። እዚያው በር ላይ እንደ ሕልመኛ ቆምኩ። ጋሽ ዳልቄ የፀሐዩን አቅጣጫ አይተው፣ «ጥላ ጥላውን ሂድ፤ መኪናውም ላይ በፀሐይ በኩል አትቀመጥ» ብቻ አሉኝ።

አስፋልቱ ላይ ከሶዶ በኩል የሚመጣ ሚኒባስ አገኘሁ። በመስኮት በኩል፣ በጥላው ጎን ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት ወጣት ነበረች። ክንዴን አየች፤ ቦርሳዋን አንስታ በመካከላችን አደረገችው። ቀጥሎ ባለው ፌርማታ ወረደች፤ መውረጃዋ ይሁን አይሁን አላውቅም። ኮቱን አለማምጣቴ ቆጨኝ።

በእሷ ቦታ አንዲት የሙዝ ነጋዴ ገቡ። አምሳ ዓመት ግድም ይሆናቸዋል። በጭናቸው ላይ ትልቅ ዘንቢል አስቀመጡ። ከንጋት ጀምሮ ቆመው የዋሉ መሆናቸው ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል። «እንዴት ዋልክ ልጄ» አሉኝ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳቸው። ክንዴን አዩት ይሁን አላዩት ልለይ አልቻልኩም፤ ዓይናቸው ግማሹ ተዘግቷል።

ሁለት መታጠፊያ ሳንጨርስ ተኙ። ራሳቸው መጀመሪያ ወደ ፊት ወደቀ፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ አረፈ። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ከትከሻዬ ተንሸራተተ። ራሳቸው ዘንቢላቸው ላይ እንዳይመታ ክንዴን ሳላስብ ዘረጋሁ። ጉንጫቸው ክንዴ ላይ፣ ነጩ ቆዳዬ ላይ አረፈ። እዚያው ቀረ።

ጉንጫቸው ሞቃት ነው፤ ላቡ ከላቤ ጋር ተጣበቀ። ትንፋሻቸው ወደ አንጓዬ ይወርዳል። እንደዚህ ሰው ገላዬን ከነካኝ ስንት ዘመኑ ነው ብዬ አሰብኩ። በመስኮቱ ጫካው ያልፋል፤ ከዛፎቹ ጀርባ ሐይቁ ቡናማ ሆኖ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ጦጣዎች ከመንገድ ዳር ቁጭ ብለው የሚያልፈውን ያያሉ። የመኪናው ድምፅ እንኳ ከሩቅ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። ይህች መንገድ ባታልቅ አልኩ። ክንዴ መደንዘዝ ጀመረ፤ አላነቃነቅኩትም።

ሲቀላ መናኸሪያ ገባን። ሰው ሁሉ ወረደ። እኛ ሁለታችን ቀረን። ሹፌሩ፣ ወፍራምና መላጣ ሰው፣ ወደ ኋላ ዞሮ ሊናገር ሲል ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። እሳቸውን አየ። ክንዴን አየ። እኔን አየ።

«ተራዬ ገና ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይተኙ።» ሁሉንም በሮች ከፍቶ ወጣና ጥላ ስር ተቀመጠ።

ምናልባት ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ እንደዚያ ቆየን። ከውጭ ባጃጆች ይጮሃሉ፤ አንዱ ማንጎ፣ አንዱ የስልክ ካርድ ይሸጣል። በመስኮቱ የሚያልፉ ሰዎች ወደ ውስጥ ያዩናል። አንዳንዱ ክንዴ ላይ ዓይኑን ያቆያል፤ ይሄዳል። ሊደብቀኝ የሚችል ነገር አልነበረም፤ ክንዴ ሥራ ላይ ነው። በየተራ ሲያዩኝ አይቼ፣ ሁሉም ሲሄዱ አይቼ፣ መጨረሻ ላይ መቁጠሬን ተውኩት።

ሴትዮዋ በድንገት ነቁ። ቀና ሲሉ ጉንጫቸው ላይ የክንዴ ላብ ነበር። ባዶውን መኪና አዩ፣ መናኸሪያውን አዩ፣ ከዚያ ክንዴን። አሁን በደንብ አዩት። ከክርን እስከ አንጓ።

«ልጄ» አሉ፣ «ክንድህን አደነዘዝኩት?»

«ደህና ነው።»

«አይደለም፤ ይኸው ጣቶችህ አይነቃነቁም።» ዘንቢላቸውን ወደ ጎን ገፉና ክንዴን በሁለት መዳፋቸው ያዙት። ሙዝ ተሸክመው የሻከሩ እጆች ናቸው። ከአንጓዬ ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ጠንከር አድርገው አሹኝ። «ደሙ ይዙር» ይላሉ፤ «ዘርጋው፤ እጠፈው፤ አሁን ዘርጋው።» እንዳሉኝ አደረግኩ። ጣቶቼ ሲነቃነቁ ረኩና ለቀቁኝ። «እግዚአብሔር ይስጥህ። እንቅልፍ ካገኘሁ ቆይቼ ነበር» አሉ፤ ዘንቢላቸውን አንስተው ወደ ገበያው ሄዱ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም።

ክንዴ ላይ ለረጅም ጊዜ ጉንዳን ሲርመሰመስ ቆየ። ሹፌሩ ተራው ደርሶ ሲመጣ ወረድኩ፤ በሲቀላ መካከል በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ይኸው ነው የሆነው። ስጽፈው ትንሽ ይመስላል፤ አንድ ሰው ወደቀ፣ ሸሚዝ ተዋሰ፣ አንዲት ደክሟቸው የነበሩ ሴት ተኙበት። ለእኔ ግን ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያለው ሰው አንድ አይደለም።

ሁሉም ነገር አማረ አልላችሁም። ባልዲ የያዘው ገበሬ ዛሬም ሰላም የሚለኝ እጁን ከሩቅ አንስቶ ነው። ባጃጅ ውስጥ የሚሸሹኝ አሉ። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆሜ ከራሴ ጋር እታገል ነበር። ፀሐይ እንዳያቃጥለኝም ቅባት እቀባለሁ። ሸሚዙን አጥቤ ተኩሼ ለጋሽ ዳልቄ ስመልስላቸው ያለ ምንም ይሉኝታ ተቀበሉኝ፤ የእሑድ ልብሳቸው ነው። ከዚያ የሸማኔውን አማቻቸውን ቤት ጠቆሙኝ። ጨንቻ ወጥቼ ጨርቅ አሠራሁ፤ ሲቀላ አሰፋሁ። አሁን ሦስት አሉኝ። ምስራቅን በተመለከተ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ተቀራርበን ባለፈው ሐምሌ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሽማግሌ ልኬያለሁ። አባቷ በክንዴ ጉዳይ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ስለሚለያይ ግን ገና እያሰቡበት ነው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት እናንተም በሐሩር ውስጥ ወፍራም የምትለብሱለት ነገር ይኖራችኋል። አውልቁት ብዬ አልመክራችሁም፤ እኔ ራሴ በፈቃዴ አላወለቅኩትም። ማለት የምችለው ይህን ብቻ ነው። የተሸሸግነው ከሚሸሹን ሰዎች ይመስለናል፤ በዚያው ግን ሊያርፍብን ከሚፈልገውም ሰው ተሸሽገናል።

ባለፈው ገና ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። ማታውን በአንዱ እጀ ጉርዴ በር ላይ ተቀምጬ ጎረቤቶቻችን ሲያልፉ ሰላም ስል እናቴ ከኋላዬ መጣች። ክንዶቼን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ገብታ ሹራብ አመጣችልኝ።

«ተዪው ካልከኝ እተወዋለሁ» አለችኝ።

«አይ እማዬ፣ ስጪኝ» አልኳት። ለበስኩት። በርዶኝ ነበር።